ታናሽ እህቴ ዲክሽነሪውን ገጽ በገጽ እየሸመደደች ነው፤ ይጠቅማታል ትላላችሁ?

የጠባሴው (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ናቹራል። ማታ ማታ ጋቢዋን ተከናንባ፣ የገብስ ቆሎ ከጎኗ አስቀምጣ፣ እንግሊዝኛ ዲክሽነሪ ትሸመድዳለች። ከኤ ተነስታ አሁን ኢ ላይ ደርሳለች።

ትናንት ደብተሯን አየሁት። ገጹን ለሁለት ከፍላ፣ በግራ ቃሉን፣ በቀኝ ፍቺውን ጽፋለች። በተራ እንዲህ ይላል፦

ኤዲብል – የሚበላ
ኢዲክት – አዋጅ
ኤዲፊስ – ሕንጻ
ኤዲፋይ – ማነጽ
ኤዲት – አርትዖት መሥራት
ኤጁኬት – ማስተማር
ኤጁኬሽን – ትምህርት
ኢል – እባብ የሚመስል ዓሣ
ኢሪ – የሚያስፈራ

ደብተሩን ዘግቼ ጠየቅኳት። አንዱንም ሳትስት ወጣችው። "እስቲ ኤጁኬትድ የሚለውን ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቢልኝ" ስላት ግን ዝም አለች።

እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛ ላይ ምከር ብትሉኝ አልችልም። ልፋቷንም ማጣጣል አልፈልግም። የምታስተምሩ፣ ካምፓስ ያላችሁ፣ ምን ልበላት? ከትምህርት ጋር የተያያዙት ቃላት ብቻ እንኳ ቢሆኑ በየት በኩል ትጀምር?

ነን_ካፌ

ጎበዝ ልጅ ናት ባክህ። አብዛኛው የአገሬ ተማሪ "አባንደን" ላይ ደርሶ ነው ዲክሽነሪውን አባንደን የሚያደርገው።

ቾክ_የበላኝ (ደብረ ሲና)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ እህትህን እንዳታስቀይማት። በደብረ ብርሃን ብርድ መጽሐፍ ይዛ የምታመሽ ልጅ ምርቃት እንጂ ተግሣጽ አይገባትም። አካሄዷ ግን ያለ ትርፍ ያደክማታል።

እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ፈተና ላይ ቃሉ ብቻውን ቆሞ "ፍቺዬን ንገሩኝ" አይልም። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው የሚመጣው። ባዶ ቦታ ይተዉና አራት ምርጫ ይደረድራሉ። ኤጁኬት፣ ኤጁኬተር፣ ኤጁኬሽን፣ ኤጁኬሽናል ተደርድረው ቢመጡ በእህትህ ደብተር ሁሉም "ትምህርት" ናቸው። ፍቺ እዚህ ላይ አያድናትም። የሚያድናት ከባዶው ቦታ ፊትና ኋላ ያለውን ማየት ነው። ከኋላው ስም ካለ፣ ለምሳሌ "ቱር" ወይም "ፊልም" የሚል፣ ኤጁኬሽናል ነው። ባዶው ቦታ ላይ ሰው ከተፈለገ ኤጁኬተር። ከፊቱ "ቱ" ካለና ግሥ ካስፈለገ ኤጁኬት።

ኤጁኬትድን በተመለከተ፣ "የተማረ ሰው" ለማለት በደንብ ይሄዳል። ግን "ኤጁኬትድ ጌስ" የሚል ሲመጣ ልጆቼ "የተማረ ግምት" ብለው ይስቃሉ። መረጃ ይዞ የተገመተ ግምት ማለት ነው። እንደ ሎተሪ ዝም ብሎ የተጣለ አይደለም።

ደግሞ ጣጣው የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ግን ራሱ ማስተማሪያ ይሆናል። 8ኛ ክፍልን በአማርኛ የጨረሰ ልጅ አንድ ክረምት አሳልፎ 9ኛ ሲገባ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በማያውቀው አፍ ያናግሩታል። ስለዚህ እኔ ብሆን ከኤዲብል በፊት የትእዛዝ ቃላቱን ነበር የማስጠናት። ዲፋይን፣ ዲስክራይብ፣ ኤክስፕሌን፣ ኮምፔር፣ ኮንትራስት፣ ጀስቲፋይ፣ ኢለስትሬት። ኮንትራስት ሲባል ልዩነቱን አውጣ ነው፤ መመሳሰሉን ጽፎ አንድ ገጽ የሞላ ልጅ ዜሮ ያገኛል። ጀስቲፋይ ሲባል መልሱ ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደሆነ አስረዳ ነው።

"ኤክሴፕት"ን ደግሞ እንዳትረሳት። "ከሚከተሉት ሁሉም ልክ ናቸው፣ ከ… በስተቀር" ማለት ነው። እሷን ዘሎ ያነበበ ልጅ ኤ ላይ ያለውን እውነት ያይና ደስ ብሎት ያጠቁረዋል።

ጣርማበር_ጉም

ኤክሴፕት ስንቱን ፈጀች! በትልልቅ ፊደል ተጽፋ እንኳ አትታይም እኮ።

ግስ_አውራጅ (ሰላ ድንጋይ)

ቾክ የበላት እህታችን መልካም ብላለች። እኔ በሌላ በር ልግባ። ከቅኔ ቤት ነው የመጣሁት፤ አስኳላ የገባሁት ኋላ ነው።

ቅኔ ቤት ውስጥ ቃል በፊደል ተራ አይጠናም። ግስ ነው የሚወርደው። ስምንት አርእስተ ግስ አሉ፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። ሌላው ግስ ከእነዚህ ያንዱን መንገድ ይዞ ይረባል። የኔታ አንዱን ያወርዱና "በል አርባ" ይሉሃል፤ ዘሩን አውጣ ማለታቸው ነው። ከአንድ ግስ አድራጊው ይወጣል፣ ተደራጊው ይወጣል፣ ነገሩ ራሱ ይወጣል። መሀረን እንውሰድ። በግዕዝ አስተማረ ማለት ነው። መምህር ከዚያ ወጣ። ምሁር ከዚያ ወጣ። ትምህርትም ከዚያ ነው። መምህር የሚያስተምረው፣ ምሁር የተማረው። ኤጁኬተር፣ ኤጁኬትድ፣ ኤጁኬሽን ብላችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡት፤ ልክ ይገጥማል።

አሁን የመሀረን ጎረቤት እዩ። መሐረ፣ በሐመሩ ሐ። ይህኛው ይቅር አለ፣ ማረ ማለት ነው። ምሕረት የሚወጣው ከዚህ ነው። በመዝገበ ቃላት ቅርብ ለቅርብ ተቀምጠዋል፤ በአጠራርም ዛሬ አንለያቸውም። በዘር ግን አይገናኙም።

አባቶች "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ይላሉ። ለእድርና ለለቅሶ እውነት ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ ግን ጎረቤት ምንም አያደርግልህም። የሚጠቅምህ ዘመዱ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ገጽ ላይ ነው የሚኖረው።

የልጅቷን ገጽ በዚህ ዓይን ላንብበው። ኤዲብል ከላቲኑ "በላ" የመጣ ነው። ኢዲክት "ተናገረ" ከሚለው ነው፤ ዘመዶቹ ዲክቴሽን፣ ፕሪዲክት፣ ኮንትራዲክት፣ ራሱ ዲክሽነሪም ናቸው። ኤዲት "አወጣ፣ አሳተመ" ከሚለው ነው። ሦስቱም ጎን ለጎን የተቀመጡት በፊደላቸው ብቻ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ከኤጁኬት ልጆች ሌላ ሥጋ ለሥጋ የሚገናኙት ኤዲፊስና ኤዲፋይ ናቸው። ሁለቱም "ቤት ሠራ" ከሚለው ይወርዳሉ። የእኛም አነጸ እንዲሁ ነው። ሕንጻ ይታነጻል፤ ሰውም በምግባር ይታነጻል። ልጅቷ "ሕንጻ" እና "ማነጽ" ብላ በትክክል ጽፋዋለች፤ ግንኙነቱን ያሳያት ግን የለም።

ወደ ኤጁኬት ስንመጣ፣ ላቲኑ ማሳደግ፣ ኮትኩቶ ማውጣት ነው። ወገኑ ዱኬሬ ይባላል፤ መራ፣ ወሰደ ማለት። የዚህ ግስ ልጆች በኢ ፊደል ሥር አይገኙም፤ ተበትነዋል። ኢንትሮዲውስ፣ ወደ ውስጥ መራ፤ አስተዋወቀ። ፕሮዲውስ፣ ወደ ፊት አወጣ፤ አመረተ። ሪዲውስ፣ ወደ ኋላ መለሰ፤ ቀነሰ። ኮንዳክት፣ አብሮ መራ፤ አካሄደ፣ አስተላለፈ።

ናቹራል ናት አላችሁ። ፊዚክስ ላይ ኮንዳክተርና ኢንዳክሽን ይጠብቋታል። ኬሚስትሪ ላይ ሪዳክሽን። ባዮሎጂ ላይ ሪፕሮዳክሽን። አራቱንም ለየብቻ ስትሸመድድ ከርማለች። አንድ ግስ ናቸው እኮ!

የጠባሴው

ኧረ መሪጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኢንዳክሽንና ኤጁኬሽን ዘመዳሞች ናቸው ብሎ የነገረኝ አስተማሪ አላጋጠመኝም። አሁኑኑ አነብላታለሁ።

ዝም_ብዬ_አንባቢ

እዚህ ከደረሳችሁ ስኩል የሚለውስ የማን ልጅ ነው?

የሞላሌ_መምህር (መንዝ)

የግሪክ ነው፤ ስኮሌ። ትርፍ ጊዜ፣ ዕረፍት ማለት ነበር። ሥራ የሌለበት ሰው ተቀምጦ የሚወያይበት ጊዜ፣ ኋላ የሚወያይበት ቦታ ሆነ። ስኮላር፣ ስኮላርሺፕ ከዚያ ነው። ግስ አውራጅ የጻፋት "አስኳላ"ም በጣሊያኑ ስኩዎላ በኩል ዞራ መጥታ የዚሁ ቤት ልጅ ናት።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ ምን አለኝ መሰላችሁ፤ "ቲቸር፣ እኔ ዕረፍቴ በግ ጥበቃ ነው።" እውነቱን ነው። መንዝ ውስጥ የጥበቃ ተራ የደረሰው ልጅ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ትርፍ ጊዜ ያለው ብቻ የሚማርበት ዘመን ግሪክ ላይ አላበቃም።

ሌላም ልጨምር፣ ወሬ ከተነሣ አይቀር። ፔዳጎጂ የምንላት ትልቅ ቃል፣ የማስተማር ጥበብ፣ መነሻዋ ልጁን እጁን ይዞ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ባሪያ ነው። አስተማሪው አይደለም፤ አድራሹ ነው። ከሪኩለም ሩጫ ማለት ነው፣ ኮርስም የዚያው ወገን ነው። (ምዕራፍ ለመጨረስ የምንሮጠው ለካ በስሙ ነው።) "ሲለበስ" የምንለው የትምህርት ዝርዝር ዕቅድ ደግሞ ከሁሉ ይገርማል። ላቲንም ግሪክም ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም። በጥቅልል መጽሐፍ ላይ የሚንጠለጠል የርእስ ቁራጭ በግሪክ ሲቱባ ይባል ነበር። የሲሴሮ ደብዳቤዎች በ15ኛው መቶ ዘመን ሲታተሙ ቃሉ ተበላሽቶ ገባና ስህተቱ ቃል ሆኖ ቀረ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሲለበስ ሳዘጋጅ የማተሚያ ቤት ስህተት እያዘጋጀሁ ነው ማለት ነው።

ነን_ካፌ

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ልጅቷ ካምፓስ ስትገባ የሚያስፈልጓት ቃላት ዲክሽነሪ ላይ ያሉት አይደሉም። እኛ የራሳችን እንግሊዝኛ አለን። የፈረንጅ አስተማሪ ፊት እንዳትዋረድ ልንገራት።

ካምፓስ። እኛ "ካምፓስ ገባሁ" ስንል ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ማለታችን ነው። እንግሊዝኛው ግቢውን ነው የሚለው፤ ላቲኑም ሜዳ ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የዛሬ ስንት ዓመት በ1999 ሥራ ሲጀምር ያ ሜዳ በእርግጥም ሜዳ ነበር ይላሉ።

ሚኒስትሪ። የ8ኛ ክፍል ፈተና። ለውጭ ሰው "አይ ቱክ ሚኒስትሪ" ብትለው ሚኒስትር የሆንክ ይመስለዋል። ፈተናውን ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው ስለነበር ነው ስሙ የቀረው።

ማትሪክ። ይቺ እንኳ ዘመድ አላት። ከማትሪኩሌሽን ነው፤ በዩኒቨርሲቲ መዝገብ ላይ መግባት። ደቡብ አፍሪካም 12ኛ ክፍልን ማትሪክ ይሉታል።

ፕሮክተር። እኛ ጋ የዶርም ኃላፊ ነው። ፍራሽ የጎደለው፣ ቁልፍ የጠፋው ሁሉ እሱ ጋ ይሮጣል። አሜሪካ ውስጥ ፕሮክተር ማለት ፈተና ላይ የሚዞረው ነው፤ እንግሊዞቹ ያንን ኢንቪጂሌተር ይሉታል። ኢሜይል ላይ "ፕሮክተሩ ክፍሌን ከፈተልኝ" ብትጽፍ አይገባቸውም።

ዲስሚስ። እዚህ ቃሉ ሲጠራ የሰው ፊት ይጠቁራል። ውጤት አንሶት የተባረረ ነው። እንግሊዝኛው ግን "ክላስ ዲስሚስድ" ሲል "በሉ ሂዱ፣ ጨርሰናል" ነው። አንድ የጂሲ (የመመረቂያ ዓመት) ተማሪ አውቃለሁ፤ እንግዳ መምህር እንዲህ ብሎት ልቡ ልትወጣ ነበር።

ሬሜዲያል ደግሞ ከሬመዲ፣ ከመድኃኒት። ስሙ ጥሩ ነው፤ ማገገሚያ። ያው በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶ ያልሞላው የሚገባበት ነው። ማን የሞላ አለ? በ2014 ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ስለዚህ ቃሉን ማወቅ አይጎዳም።

ፕላዝማ_ዘመን

ላጲስ ረሳህ! ማጥፊያውን እኮ ላጲስ እንላለን። ጣሊያንኛው ላፒስ እርሳስ ነው። ጣሊያን ሄደህ ላጲስ ስጡኝ ብትል እርሳስ ያቀብሉሃል። አጥፍተህ ልትጽፍ ሄደህ ጽፈህ ትመጣለህ።

የእኛን ዘመን ደግሞ ማንም አላነሣ። በ1997 ገደማ ፕላዝማ የገባ ጊዜ 9ኛ ክፍል ነበርን። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል። ሴትየዋ ስክሪኑ ላይ ቆማ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፤ "ቬሪ ጉድ!" ትላለች። አርባ ሰው ሙዚየም ውስጥ እንዳለ ሐውልት ነው የሚያያት። ማን መለሰላት? "ቬሪ ጉድ" የተባልነው ዝም ስላልን ነው። ርእሱን ጽፈን ሳንጨርስ ሌላ ገጽ። መብራት ሲሄድ ደግሞ መምህሩ አማርኛ ይጀምራል፤ ያን ቀን ነው የሚገባን።

ከእኛ በፊት የነበሩት ፒስ ኮር፣ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች፣ ያስተማሯቸው ናቸው። በ1955 መጥተው በየሁለተኛ ደረጃው የገቡት። ሰው ከሰው ጋር ተነጋግሮ ተማረ። ዛሬም ሽማግሌ ሆነው እንግሊዝኛቸው አፍ ያስከፍታል።

አንኮበሬው

እንግሊዝኛና ሰሜን ሸዋ የተዋወቁት ከዚያም በፊት ነው። ካርል ኢዘንበርግ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1839 ንጉሥ ሳህለ ሥላሴ ዘንድ መጥቶ ከርሟል። ከዚያ በፊት አድዋ ነበር። በ1841 ለንደን ላይ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በዚያው ዓመት ካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ከቦምቤይ መጥቶ አንጎለላ ላይ ከሳህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራረመ።

ለልጅቷ ንገሯት። በእኛ አቀበት ላይ ቃል ሲለቅም የነበረ ሰው ከሷ በፊት አለ።

ከሸዋ_ሮቢት_ሙቀት

ነን ካፌ፣ የስኮላርሺፕ ቃላትንም ጨምርበት። እዚህ ላይ ሰው እውነተኛ ገንዘብ ይጎዳል።

"ፉል ቲውሽን" የሚል ማስታወቂያ ያዩ ልጆች ሁሉ ነገር የተሸፈነ ይመስላቸዋል። ቲውሽን በአሜሪካኖቹ የትምህርት ክፍያው ብቻ ነው። ቤት፣ ምግብ፣ አውሮፕላን የለበትም። ያንን የሚሸፍነው "ፉሊ ፈንድድ" ነው፤ እሱም ቢሆን ዝርዝሩ ይነበብ። በየወሩ የሚሰጥ የኪስ ገንዘብ ስታይፔንድ ይባላል። የማውቃት ልጅ ደስ ብሏት ድግስ ልትደግስ ደርሳ ነው የዶርሙ ዋጋ የመጣባት።

እንግሊዞቹ ጋ ደግሞ ቲውሽን ማስተማሩ ራሱ ነው፤ በተለይ ለብቻ ወይም በትንሽ ቡድን። ሥሩ መጠበቅ ነው፤ ቱቶርም ከዚያ ነው።

ፐብሊክ ስኩልም ያሳስታል። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከጥንት ያሉት ውድ የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው ፐብሊክ ስኩል የሚባሉት። ፕሮፌሰርም እንዲሁ። አሜሪካ ውስጥ ተማሪ ማንኛውንም የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ፕሮፌሰር ይለዋል፤ እንግሊዝ ውስጥ ትልቁ ማዕረግ ነው። ኢሜይል ስትጽፉ አገሩን እዩ።

መሐል_ሜዳ_12ኛ

ይቅርታ ትልልቆች፣ እኔም ዘንድሮ ተፈታኝ ነኝ። ሁላችሁም ዲክሽነሪ መሸምደድ አይጠቅምም እያላችሁ ነው። እኛ ጋ ኔትወርክ አንዳንዴ ነው የሚሠራው። ላይብረሪው ውስጥ ያለው መጽሐፍ ለሁሉም አይደርስም። እኔ ቤት ያለው እንግሊዝኛ ዲክሽነሪው ብቻ ነው፤ የወንድሜ ነበር። እሱን ካላነበብኩ ምን ላንብብ? የጠባሴዋ ልጅ ገባኝ። ገጽ በገጽ ስትሄድ ቢያንስ የት እንደደረስክ ታውቃለህ።

ቾክ_የበላኝ (ደብረ ሲና)

የኔ ልጅ፣ ልክ ነሽ። ዲክሽነሪውን ጣዪ ያለሽ የለም። አነባበቡን ብቻ እንቀይረው።

ዲክሽነሪ ከቃሉና ከፍቺው ሌላ ብዙ ነገር ይነግርሻል፤ ልጆች ይዘሉታል። ከቃሉ ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ፊደል እዪ። ኤን ከሆነ ስም፣ ቪ ከሆነ ግሥ፣ ኤዲጄ ከሆነ ቅጽል። ባዶ ቦታ የምትሞላው በሷ ነው። የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ከፍቺው ቀጥሎ ዘንበል ባለ ፊደል የተጻፈ ዓረፍተ ነገር አለ። ፍቺውን ትተሽ እሱን ገልብጪ። ያንቺ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ከሆነና ዓረፍተ ነገር ከሌለው፣ ቃሉን ባዮሎጂ መጽሐፍሽ ውስጥ ፈልጊው። የመማሪያ መጽሐፍ ካለሽ እንግሊዝኛ አለሽ።

እና ገጽ በገጽ አትሂጂ። ባዮሎጂ ስታነቢ ያገድምሽን አንድ ቃል ያዢ። እሱን ፈልጊ፣ ግስ አውራጅ እንዳሉት ዘመዶቹን ከሌላ ገጽ ሰብስቢ። የት እንደደረስሽ ማወቅ ካማረሽ የባዮሎጂው ምዕራፍ ይነግርሻል።

በስፔሊንግ የሚመሳሰሉትን ግን ዝም ብሎ መያዝ ነው፣ ዘዴ የለውም። ፕሪንሲፓል በኤል የሚያልቀው ርእሰ መምህሩ ነው፣ በኢ የሚያልቀው መርህ። አፌክት ግሥ፣ ኢፌክት ስም፤ በአብዛኛው።

ጣርማበር_ጉም

"በአብዛኛው" ትላለች። የእንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኗ የታወቀው እዚህ ላይ ነው።

የጠባሴው

ለእህቴ ሁሉንም አነበብኩላት። ፕላዝማው ላይ ሳቀች፤ "ዱኬሬ" ላይ ግን ቀልቧ ተያዘ። የኬሚስትሪ ደብተሯን አውጥታ ሪዳክሽን የሚለውን ፈለገች። "ታዲያ ለምን ኤሌክትሮን ሲጨምር ሪዲውስ ሆነ ይባላል? መቀነስ አይደለም እንዴ?" ብላ ያዘችኝ። እኔ ምን አውቄ።

ዓረፍተ ነገር ጽፊ ብያት አምስት ጽፋለች። ቲቸር፣ ብታርሚልን፦

1. ዊ ዲስከስድ አባውት ኤጁኬሽን።
2. አይ ለርን አት ግሬድ 12።
3. ማይ ብራዘር ለርንድ ሚ ማትስ።
4. አወር ቲቸር ጌቭ አስ ሜኒ ሆምወርክስ።
5. ኮፐር ኮንዳክትስ ኤሌክትሪሲቲ።

የሞላሌ_መምህር (መንዝ)

የኬሚስትሪው ጥያቄ ጥሩ ነው። ሪዲውስ "ወደ ኋላ መመለስ" የሚለውን ይዛ ታስበው። ድሮ ማዕድን አቅልጠው ከኦክሳይዱ ንጹሑን ብረት ሲያወጡ ወደ ብረትነቱ መለሱት ይሉ ነበር። ክብደቱም ይቀንሳል፣ ኦክስጅኑ ስለሚወጣ። የኤሌክትሮኑ ነገር በኋላ የታወቀ ነው፤ ስሙ ግን አልተቀየረም። ኤሌክትሮን ሲጨመር የሚቀንሰው ኦክሲዴሽን ነምበሩ ነው ብላ ትያዘው።

ቾክ_የበላኝ (ደብረ ሲና)

አምስተኛው እንከን የለውም። ኤሱን እንኳ አልረሳችም፤ ብራቮ።

አንደኛው ላይ አባውትን አውጪው። እኛ "ስለ ትምህርት ተወያየን" ስለምንል "ስለ" ትከተለናለች። ዲስከስ ግን ብቻውን ይበቃዋል፤ ዲስከስድ ኤጁኬሽን።

ሁለተኛው "አይ አም ኢን ግሬድ 12" ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢም "አይ ስተዲ አት" በዪ። ለርን የሚባለው ነገሩ ሲገባሽ፣ እጅሽ ላይ ሲቀር ነው።

ሦስተኛው "ቶት ሚ" ነው። በእኛ ቋንቋ ተማረ፣ አስተማረ እያልን ከአንድ ግስ እናወጣለን፤ ተበደረ፣ አበደረም እንዲሁ። እነሱ ለየብቻ ቃል አላቸው። ለርንና ቲች፣ ቦሮውና ሌንድ። ወንድምሽ ቶት፣ አንቺ ለርንድ።

አራተኛው፣ ሆምወርክ አይቆጠርም። "ኤ ሎት ኦፍ ሆምወርክ"። ኢንፎርሜሽንም፣ አድቫይስም እንደዚሁ ኤስ አይወዱም።

አሁን ለሁለታችሁም፣ ለመሐል ሜዳዋም ጭምር፣ እስከ እሑድ የቤት ሥራ። "ስክራይብ" የሚለውን ቤተሰብ ሰብስቡ፤ ጻፈ ማለት ነው። ዲስክራይብ፣ ፕሪስክራይብ፣ ሰብስክራይብ፣ ትራንስክሪፕት፣ ማኑስክሪፕት። እያንዳንዱን ከየትኛው ትምህርት ወይም ከየት ቦታ እንዳገኛችሁት ጻፉ። ፕሪስክራይብ ፋርማሲ ደጃፍ አይጠፋም። ዲስክራይብም እንደ ዲስከስ ነው፤ ከኋላው አባውት እንዳላይ።

መሐል_ሜዳ_12ኛ

እሺ ቲቸር። ኔትወርክ ካለ እሑድ፣ ከሌለ ሰኞ።